ከግቢ በር እስከ ዲሲፕሊን ኮሚቴ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደንብ፣ ስለ ቅጣትና ለተማሪ ስለሚሰጥ ልዩ ፈቃድ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል፤ የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን መተዳደሪያ ደንብ 43 አንቀጽ አለው። ዓመቱ ሲጀመር ሰልፍ ላይ ይነበባል፣ ወላጅም ይፈርምበታል። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ደንቡ ይረሳና እያንዳንዱ መምህር በራሱ መንገድ መቅጣት ይጀምራል። አንዱ ጋ ዝም የሚባለው ጥፋት ሌላው ጋ ወላጅ ያስጠራል። ከየት እንጀምር? (ምክትል ርዕሰ መምህር)

መልስ፦ ከመቀነስ ይጀምሩ። አንቀጾቹን በሦስት ይክፈሏቸው። አንደኛው የደኅንነትና የሰው ክብር ጉዳይ ነው፦ ድብድብ፣ ስለት መያዝ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ማስፈራራት፣ ፆታዊ ትንኮሳ፣ ስርቆት። ሁለተኛው ትምህርቱን የሚያውከው ነው፦ ማርፈድ፣ ክፍል መፎረፍ፣ በትምህርት ሰዓት ስልክ መነካካት፣ ኩረጃ። ሦስተኛው የካልሲ ቀለም፣ የቦርሳ ዓይነት፣ የፀጉር አቆራረጥና የመሳሰለው ነው። ረጅም ደንብ ባላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙውን ቦታ የሚይዘው ይኸው ሦስተኛው ነው፤ የመምህሩንም ጉልበት የሚጨርሰው እሱ ነው። ከዚህ ውስጥ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለተማሪ ማስረዳት የማይቻለውን ይሰርዙ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ረጅም ፀጉር ይታሰር የሚለው ይቆይ፤ እሳት አለ። «ያልተገባ የፀጉር አቆራረጥ የተከለከለ ነው» የሚለው ግን ሁለት መምህራን እንኳ የማይስማሙበት ስለሆነ ይውጣ። ከስድስት እስከ ስምንት አንቀጽ ከቀረዎት በቂ ነው።

የቀሩትን ደግሞ እንደገና ይጻፏቸው። የሚሠራ ደንብ በዓይን የሚታይ ድርጊት ይናገራል። «ተማሪ ሰዓት አክባሪ መሆን አለበት» ከማለት «ሁለተኛው ደወል ሲደወል ተማሪው ቦታው ላይ ተቀምጦ ደብተሩን አውጥቷል» ማለት ይሻላል። ይህኛውን ማንም አይቶ «ተፈጽሟል፣ አልተፈጸመም» ማለት ይችላል። ደንቡ ግልጽ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። አምስት አጫጭር ክስተቶች ይጻፉና ለአሥር መምህራን ለየብቻ ያድሉ፤ እያንዳንዱ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰና ምን እርምጃ እንደሚወስድ ይጻፍ። መልሱ የተበታተነበት አንቀጽ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። ተማሪ ፊት ከመድረሱ በፊት እዚያው ያስተካክሉት።

ቀጥሎ አራት ዓምድ ያለው አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፦ ድርጊቱ፣ መጀመሪያ ሲፈጸም የሚወሰደው እርምጃ፣ ሲደገም የሚወሰደው፣ የሚወስነው ማን እንደሆነ። ብዙ ትምህርት ቤት የሚሰናከለው በአራተኛው ዓምድ ነው። ገደብ ካልተቀመጠ እስክሪብቶ የረሳው ልጅም፣ የተደባደበውም ወደ ቢሮ ይላካል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቀኑን ሙሉ ዳኛ ሆኖ ይውላል፤ ተማሪውም የክፍል መምህሩ ምንም ማድረግ እንደማይችል ይማራል። ስለዚህ መምህሩ ራሱ የሚጨርሰውን፣ ስም ጠሪ መምህር ጋ የሚደርሰውን፣ ኮሚቴ የሚያየውን ለይተው ይጻፉ። በተለይ ወደ ቢሮ *የማይላከውን* በግልጽ ያስቀምጡ።

ስለ ቅጣት መጠን ብዙ ሲባል እንሰማለን፤ ከመጠኑ ይልቅ ግን የሚሠራው ፍጥነቱና አለመዛነፉ ነው። በዕለቱ የሚፈጸም የ15 ደቂቃ ማካካሻ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሚመጣ ከባድ ማስጠንቀቂያ ይበልጣል። በተቃራኒው «ለማንኛውም ጥፋት ያለ ይቅርታ ከባድ ቅጣት» የሚለው አካሄድ ብዙ ተሞክሯል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ግምገማ፣ ይህ አካሄድ ትምህርት ቤቶችን ይበልጥ ሰላማዊ እንዳደረገ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ደንቡን ለማንበብ ሳይሆን ለማለማመድ ይጠቀሙባቸው። ክፍል እንዴት ይገባል? ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል? የቀረ ተማሪ ያመለጠውን ከማን ይወስዳል? «ትልልቆች ናቸው፣ ያውቁታል» ተብሎ የሚታለፈው ይህ ነው፤ አያውቁትም፣ ቢያንስ በእናንተ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚደረግ አያውቁትም።

ጥያቄ፦ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ልዩ ፈቃድ ጀምረን ነበር። ፈቃዱ በምሳ ሰዓት ከግቢ መውጣት፣ በእረፍት ሰዓት ስልክ መጠቀምና በባዶ ክፍለ ጊዜ በራሳቸው ቤተ መጻሕፍት መሄድን ይጨምራል። የመጀመሪያው ወር ጥሩ ነበር። ከዚያ ካርድ እየተዋዋሱ መውጣት መጣ፤ ፈቃዱን የሚያገኙትም ያው ደረጃ የሚወጡት ልጆች ብቻ ሆኑ። እናቁመው ወይስ የሚስተካከል ነው? (የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል መምህርት)

መልስ፦ የሚስተካከል ነው። በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ። ውሃ መጠጣት፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ እረፍት፣ ምሳ፣ ፈተና መፈተን፣ መጽሐፍ መዋስ፣ አማካሪ ማነጋገር የሁሉም ተማሪ ናቸው፤ በጠባይ አይገኙም፣ በጥፋትም አይነጠቁም። ከሁሉም ላይ ወስዶ ለጥቂቶቹ ሽልማት ብሎ መመለስ ቂም እንጂ ሥርዓት አያመጣም። ልዩ ፈቃድ ከዚህ በላይ የሚጨመር ነው።

መስፈርታችሁ አማካይ ውጤት ከሆነ የጻፉልን ሁለተኛ ችግር ምክንያቱ እሱ ነው። 58 አማካይ ያለው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ዕድል እንደሌለው ያውቀዋል። መስፈርቱ ማንም ተማሪ ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚችል ነገር ይሁን። ለምሳሌ 20 የትምህርት ቀን ባለው የአራት ሳምንት ዙር፦ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ከአንድ ቀን ያልበለጠ (ይህም 95 በመቶ መገኘት ነው)፣ ማርፈድ ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ፣ ከተሰጠው 10 የቤት ሥራ 9ኙን በሰዓቱ ማስረከብ፣ በጽሑፍ የተመዘገበ ከባድ ጥፋት አለመኖር። የቤት ሥራው መቅረቡ ነው የሚቆጠረው፤ ስንት እንዳገኘበት አይደለም። በሕመም ወይም በሐዘን የቀረበት ቀን አይቆጠርበትም፤ ይህ ካልተጻፈ የታመመ ልጅ ትቀጡና ወላጅ ይመጣባችኋል፣ እውነቱም ከወላጁ ጋር ይሆናል።

ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም ከዜሮ ይጀምር። ፈቃዱ ለሙሉ ዓመት ከተሰጠ ያገኘው ይዘናጋል፣ ያላገኘው «ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ» ይላል። ጭራሽ ፈቃድ አግኝተው ለማያውቁት ደግሞ የመጀመሪያውን ዙር ሁለት ሳምንት ብቻ አድርጉላቸው። አንዴ ከቀመሱት አራት ሳምንት መጠበቅ ይችላሉ።

ፈቃዱ የሚነሳበትም ሥርዓት ይኑረው። የተናደደ መምህር ክፍል ውስጥ «ካርድህን አምጣ!» ካለ ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ፈቃዱ የመምህሩ ስሜት እንጂ የተማሪው ሥራ ውጤት አይሆንም። መምህሩ የሆነውን ይጻፍ፤ በሳምንቱ መጨረሻ አንድ የተመደበ ሰው፣ ለምሳሌ ዩኒት ሊደሩ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አይቶ ይወስን። ለተማሪው የሚሰጠው ወረቀት ሦስት ነገር ይያዝ፦ የተነሳበት ፈቃድ የትኛው ነው፣ እስከ መቼ፣ ለማስመለስ ምን ያድርግ። ለቀላል ጥፋት ከ5 እስከ 10 የትምህርት ቀን ይበቃል። ስልኩን አላግባብ የተጠቀመ የስልክ ፈቃዱን ይጣ፤ ቤተ መጻሕፍቱን ግን አትንኩበት።

አሁን ወደ ካርዱ። የተማሪው ፎቶ ይለጠፍበት፤ ማኅተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ይረፍ። ስም፣ ክፍልና ምድብ፣ የመውጫና የመመለሻ ሰዓት፣ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት፤ ቀለሙ በየዙሩ ይቀየር። ዋናው ብልሃት ግን በር ላይ ነው። ጥበቃው አጠገብ ቁጥር የተጻፈባቸው ሚስማሮች ያሉት ሰሌዳ ይሰቀል። የሚወጣ ተማሪ ካርዱን ለጥበቃው ሰጥቶ ይወጣል፤ ጥበቃው ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያይቶ ሚስማሩ ላይ ይሰቅለዋል፤ ሲመለስ ይመልስለታል። እዚያ የተሰቀለ ካርድ ለጓደኛ አይተላለፍም። የመመለሻው ደወል ሲደወል ሰሌዳው ላይ የቀሩት ካርዶች ያልተመለሱት ልጆች ናቸው፤ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም። ካርዱን ያዋሰም፣ ተውሶ የወጣም አንድ ሙሉ ዙር ይጣ። ከግቢ የሚያስወጣ ፈቃድ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ስምምነት እንዳይሰጥ፤ በትምህርት ሰዓት ልጁ ላይ ለሚደርሰው የሚጠየቀው ትምህርት ቤቱ ነው።

ከሦስቱ ፈቃዶች ለቁጥጥር የሚያስቸግረው ስልኩ ነው። በሰዓት ብቻ ሳይሆን በቦታም ይወሰን፤ ተረኛ መምህር የሚያየው አንድ ጥግ፣ 15 ደቂቃ፣ ሰው መቅረጽ ክልክል። ከጥጉ ውጭ የወጣ ስልክ በማንኛውም ሰዓት ጥፋት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ የታወቀ ጥናት፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ትንንሽ ልጆች «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» ከተባሉ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው የሚሥሉበት ጊዜ መቀነሱን አሳይቷል፤ ሽልማቱ ሳይነገራቸው በድንገት የተሰጣቸው ግን አልቀነሱም። በጥናቱ የተሳተፉት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ስለነበሩ እንዳለ ለ12ኛ ክፍል አይገለበጥም። ቢሆንም ልጆቹ ወደው የሚሠሩትን ነገር፣ እንደ ክበብ ሥራ ወይም ንባብ ያለውን፣ በነጥብ ባትመነዝሩት ይመረጣል። ልዩ ፈቃድ የሚያስፈልገው እንደ ሰዓት ማክበር ላለ፣ ማንም ወዶ ለማይሠራው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። ስልክ ይዞ ተገኘ ተብሎ አምስት ቀን ታገደ። ስልኩ የጓደኛዬ ነው ቢልም የሰማው የለም። ስልኩን ከፍተው ፎቶዎቹን አይተዋል። በመሃል የሒሳብ ፈተና አመለጠው። ወላጅ አምጣ ተብሎ ስሄድም ተቆጥተው መለሱኝ። ምን ብዬ ልጠይቅ? (እናት)

መልስ፦ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ልጅዎ የጣሰው አንቀጽ የትኛው እንደሆነ፣ ማን እንዳየ፣ ውሳኔውን ማን በየትኛው ቀን እንደሰጠ፣ ልጁ የሰጠው ቃል የት እንደተመዘገበ ይጠይቁ። የደንቡን ቅጂና ቃለ ጉባኤውን ይጨምሩበት። ደብዳቤውን ሁለት ኮፒ ያድርጉና አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምልዎ። «ልጄ አያደርገውም» ብለው አይጀምሩ፤ ክርክሩ ስለ ጠባዩ ይሆንና ስለ አሠራሩ መጠየቅዎ ይቀራል።

የልጁ ቃል አለመሰማቱ ትልቁ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጅን በሚመለከት አስተዳደራዊ ጉዳይ የልጁ ሐሳብ የሚሰማበት ዕድል እንዲኖር፣ በአንቀጽ 28 ደግሞ የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዝዛል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 በሰጠው ውሳኔ ከ10 ቀን ለማይበልጥ እገዳ እንኳ ተማሪው የተከሰሰበት እንዲነገረው፣ ካስተባበለ ማስረጃው እንዲገለጽለትና የራሱን እንዲናገር አዟል። ውሳኔው ለሌላ አገር ሕግ ባይሆንም ቅደም ተከተሉ ለማንኛውም ኮሚቴ ይሠራል፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። ለሰው አደጋ የሆነ ተማሪ ወዲያው እንዲወጣ ተደርጎ በኋላ ቢሰማ ያስኬዳል። ስልክ መያዝ ግን እንዲህ ያለ አጣዳፊ ነገር አይደለም።

የፈተናውን ጉዳይ ከእገዳው ነጥለው ያቅርቡ። ልጁ ጥፋተኛም ቢሆን ቅጣቱ እገዳ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። ፈተናውን እንደገና የሚቀመጥበትን ቀን ይጠይቁ፤ በእገዳው ቀናት የተሰጠውንም ማስታወሻና የቤት ሥራ ከስም ጠሪ መምህሩ ይረከቡ። የሒሳብ አንድ ሳምንት ካመለጠ ቀጣዩም ይጠፋል።

ስልኩን መያዝና ስልኩን መክፈት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትምህርት ቤቱ የተከለከለ ዕቃ ወስዶ ማቆየት ይችላል፤ የግል ፎቶ ለማየት ግን ይህ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ዛቻ ወይም ነውረኛ ምስል አለበት ተብሎ ከተጠረጠረ ስልኩ ይዘጋና በፖስታ ይታሸጋል፤ ተማሪውና የተረከበው ሰው ፖስታው ላይ ይፈርማሉ፤ ወላጅ ወይም በሕግ ሥልጣን ያለው አካል እስኪመጣ ይቆያል።

አሁን ደግሞ የማይጥምዎትን እንንገርዎ። ደንቡ «ስልክ ይዞ መገኘት» የሚል ከሆነ የጓደኛው መሆኑ ቅጣቱን ያቀልለት ይሆናል እንጂ ነፃ አያወጣውም። ይልቅ የሚያዋጣዎት መከራከሪያ መጠኑ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ለተገኘበት ተማሪ የተለመደው እርምጃ ስልኩን አቆይቶ ለወላጅ ማስረከብ ነው፤ የአምስት ቀን እገዳ ደንቡ ላይ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ከኋላ ያለ ልጅ አፏጨ። መምህሩ ማን ነው ሲሉ ተናጋሪ ስለጠፋ ክፍሉ በሙሉ እረፍት ተከለከለ። ያላጠፋሁት ለምን እቀጣለሁ? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ አይገባም። የሚያፏጭ ልጅ የሚፈልገው ተመልካች ነው፤ የጅምላ ቅጣት 50 ተመልካች በነፃ ይሰጠዋል። ዝም ብሎ የተቀመጠውም «መታረሜ ምን ጠቀመኝ» ማለት ይጀምራል። የተናገረች ልጅ ብትኖር ደግሞ ከግቢ ውጭ የሚጠብቃት አለ።

ክፍል ውስጥ በሁሉ ፊት አትከራከሪ፤ መምህሩ ወደ ኋላ የሚመለሱበት መንገድ ይጠፋቸዋል። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ከክፍል አለቃው ጋር ሆናችሁ «መምህር፣ ፉጨቱ እኛንም ይረብሸናል፤ ግን ያላጠፋን ሰዎች እረፍት አጣን፤ ሌላ መንገድ ቢኖር» በሏቸው። ካልሆነ ስም ጠሪ መምህራችሁ አሉ።

ይህን ለሚያነቡ መምህራን፦ ማን እንደሆነ ካልታወቀ መጠየቁን ተዉትና ትምህርቱን እዚያው የኋላ ወንበሮች አጠገብ ቆማችሁ ቀጥሉ። በማግስቱ የመቀመጫ ቦታ ቀይሩ፤ ያን አካባቢ ያሉትን ሦስት አራት ልጆች በየተራ ለብቻ አነጋግሩ። በብዛት እዚህ ላይ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ደወል ሲደወል በሩ ይዘጋል። በየቀኑ 20 እና 30 ተማሪ ደጅ ቆሞ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ያመልጠዋል። ከገቡ በኋላ ተንበርክከው ይቆያሉ ወይም ሽንት ቤት ያጸዳሉ። ማርፈዱ ግን አልቀነሰም። (ስም ጠሪ መምህር)

መልስ፦ አይቀንስም፤ መግባት ለማይፈልገው ልጅ የተዘጋ በር ስጦታ ነው፤ መግባት የሚፈልገው ደግሞ 40 ደቂቃ ያጣል። ውጭ ቆሞ አንድ ነገር ቢደርስበትስ? ማንበርከክ አካላዊ ቅጣት ስለሆነ ዛሬውኑ ይቁም። ጽዳትም ግድግዳ ላይ የጻፈው ልጅ የጻፈውን እንዲያጠፋ ካልሆነ በቀር ቅጣት አይሁን፤ የጽዳት ሠራተኞቹን ሥራ ውርደት አድርጎ ማሳየት ነው።

በሩ ክፍት ይሁን፤ ያረፈደ ግን በአንድ መግቢያ ብቻ ይግባ። ተረኛው ስም፣ ሰዓትና ምክንያት ያለበት ብጣሽ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሳይናገር ይቀመጣል፤ «ለምን አረፈድክ» የሚለው ጥያቄ ክፍል ውስጥ አይነሳ፣ የሌሎቹን ጊዜ ይበላል። ያባከነውን ደቂቃ ያህል፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ በዕለቱ ከትምህርት በኋላ ያመለጠውን እየሠራ ያካክስ።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ወረቀቶቹን በስም ደርድራችሁ ቁጠሩ። 30 የሚመስለው ሰልፍ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ተደጋጋሚ ስሞች ናቸው። ታናሾቹን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመጣ ልጅ አለ፤ ማካካሻ አይፈውሰውም፣ ከወላጅ ጋር ተነጋግሮ የአሥር ደቂቃ የጽሑፍ ፈቃድ መስጠት ይሻላል። ከሩቅ የሚመጣ አለ። በሩ አጠገብ ደርሶ ጨዋታ ይዞት የሚቆምም አለ፤ ማካካሻው የተሠራው ለዚህኛው ነው። ልዩ ፈቃድ ካላችሁ ማርፈዱ ከዚያ ጋር ይያያዝ።

ጥያቄ፦ በጠባዩ ምክንያት ከተማሪ የትምህርት ውጤት 5 ነጥብ መቀነስ ይቻላል? የኮረጀስ? (መምህር)

መልስ፦ ለጠባይ አይቀነስ። ማርክ ልጁ ፊዚክስ ምን ያህል እንደሚያውቅ ነው የሚናገረው፤ አምስት ከተቀነሰ ቁጥሩ ስለ ፊዚክሱም ስለ ጠባዩም እውነቱን አይናገርም። ጠባይ በሪፖርት ካርድ ላይ የራሱ ቦታ ይኑረው።

ኩረጃ ይለያል፤ ያ ወረቀት የልጁን ዕውቀት ስለማያሳይ ይሰረዛል። ወረቀቱን ስትወስዱ የተያዘበትን ሰዓትና የደረሰበትን ጥያቄ ቁጥር ጽፋችሁ ፈታኙና ተማሪው ይፈርሙበት፤ አልፈርምም ካለ ይኸው ይጻፍ። አጤሬዋ ከወረቀቱ ጋር ትያያዝ። የሥነ ሥርዓቱን እርምጃ ኮሚቴው ለብቻው ያየዋል፤ ተማሪው ደግሞ በሌላ ጥያቄ እንደገና ይፈተናል። ሁለተኛውን ወረቀት ግን ሲኮርጅ የያዘው መምህር ሳይሆን ሌላ መምህር ያርመው።